28 ኪሎ ሻንደሊየር ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ እንዴት ይሰቀላል?

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ለእናታችን ሻንደሊየር ላከች። በካርጎ የመጣ ሦስት ካርቶን ነው። ስንከፍተው ወርቅማ ብረት፣ 12 የአምፖል ክንድ፣ በየወረቀቱ የተጠቀለለ የክሪስታል ጠብታ። እማዬ አንዷን ጠብታ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ስታስጠጋት ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ወረደ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ጠቀለለቻት።

ቤቱ ጀሞ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከእኛ በላይ ሌላ ጎረቤት አለ። ሳሎኑ መሃል አሁን ያለው ክብ የፕላስቲክ መብራት ነው፤ በሁለት ብሎን የተያዘ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። ሻንደሊየሩን ግን አቅፌው የሰው ሚዛን ላይ ወጥቼ የራሴን ክብደት ስቀንስ 28 ኪሎ ሆነ።

ባለሙያ ጠራን። በአራት ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) በግማሽ ሰዓት እጨርሰዋለሁ አለ። ትራፓኖውን ጣሪያው ላይ ሲደግን ከሥሩ ቆሜ ነበር። ልስኑን አለፈ፣ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ባዶ ውስጥ ዘው አለ። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ልቤ አልቀበል ስላለኝ የመጣበትን ከፍዬ ሸኘሁት። ከዚያ ቀዳዳ ሥር የእማዬ ወንበር ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ቡናዋን የምትጠጣው እዚያ ተቀምጣ ነው።

እና የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ይህ ጣሪያ 28 ኪሎ ይችላል ወይ? ከቻለስ በምን ይያዝ? ሽቦውስ? ሰቅላችሁ የምታውቁ፣ ወይም ሰቅላችሁ የወደቀባችሁ፣ ንገሩኝ።

ከዚህ በታች ያሉት በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጡት መልሶች ናቸው። 46 ደርሰዋል። ብዙዎቹ ስለሚደጋገሙ በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀመጥኳቸው። የማልስማማበት ቦታ አለ፤ እዚያው እናገራለሁ።

መልስ 1፣ 2 እና 4

የመጀመሪያው እህቴን መርቆ ጀመረ፤ አሜን ብያለሁ። ከዚያ ነገሩን እንዳላካብድ መከረኝ። እሱ ከአምስት ዓመት በፊት በአራት ፊሸር ሰቅሎ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ቁጥር 2 የእሱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀው። ቁጥር 4 ላይ ተመልሶ 6 ኪሎ መሆኑን ጻፈ። ይህን ያነሳሁት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ሁለቱም ሻንደሊየር ይባላሉ፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። ስትገዙ መጀመሪያ ኪሎውን ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ እንደ እኔ አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ።

መልስ 3

ይህኛው ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ሠርቷል። ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ስለሆነ በደንብ ላስረዳችሁ።

እንዲህ ያለው ሶሌታ (በሁለት ፎቅ መካከል ያለው ወለል) አንድ ወጥ ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው የተሠሩ ጠባብ የኮንክሪት ቢሞች (ተሸካሚ አግዳሚዎች) ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በመሃላቸው ባዶ ብሎኬት ይገጠማል። ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል፣ ከሥር ደግሞ ይለሰናል። ከታች ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ትራፓኖው ዘው ያለው ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ነው።

ብሎኬቱ እዚያ የገባው ቦታ ለመሙላትና ሶሌታውን ለማቅለል ነው እንጂ ከሥሩ ዕቃ ሊንጠለጠልበት አይደለም። ግድግዳው ስስ ነው። ፊሸሩ ሲጠብቅ ራሱ ሊሰነጥቀው ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ዕቃው ያን ዕለት ላይወድቅ ይችላል። ስንጥቁ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ከዚያ አንድ ማታ ልስኑን ይዞ ይመጣል። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ በፊሸር መስቀላችንም አያታልለን አለ። ግድግዳ ላይ ሸክሙ ፊሸሩን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጣሪያ ላይ ግን ቀጥ አድርጎ ይነቅለዋል።

መፍትሔው ሸክሙን ወደ ቢሞቹ መውሰድ ነው። ከአንዱ ቢም እስከ ሌላው የሚደርስ ወፍራም የብረት ላሜራ ይሠራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት አንከር ቦልት (ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ብሎን) ቢሞቹ ላይ ይታሰራሉ፤ ማንጠልጠያው ከላሜራው መሃል ይወጣል። ብሎኬቱ ምንም አይነካም። ትራፓኖው ፌሮ ካገኘ ቆም ብሎ ቀዳዳውን ፈቀቅ ማድረግ ነው፤ የቢሙ ጉልበት ያ ብረት ስለሆነ በፍጹም አይቆረጥም።

መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ውይይቱን ሁሉ ያወዛገበው ነው። የሚንጠለጠሉ መብራቶች በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ሲፈተሹ፣ የዕቃውን ክብደት አራት እጥፍ ተሸክመው ለአንድ ሰዓት እንዲቆዩ ይደረጋል። እኛም ማንጠልጠያችንን እንደዚያው እንድንፈትሸው ነገረኝ። 28 በ4 ሲባዛ 112 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከነትርፉ ማለት ነው።

መልስ 5 እስከ 8

አምስተኛው ኤሌክትሪሺያን ነው። ስለ ሽቦው የነበረኝን ፍርሃት አቀለለልኝ፣ ያልፈራሁትን ግን አሳየኝ። 12 አምፖል እያንዳንዱ 40 ዋት ቢሆን 480 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 2.2 አምፔር ገደማ ይመጣል። ለመብራት የተዘረጋው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሽቦ ይህን በደንብ ይችላል። ባለ 4 ዋት ኤልኢዲ ካደረግነው ደግሞ ሁሉም ተደምሮ 48 ዋት ነው፤ ከአንድ የድሮ አምፖል ያነሰ። በዚያ ላይ አይግልም።

እሱን ያሳሰበው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ይሁን ኒውትራሉን (የሚመልሰውን) የሚቆርጠው በቴስተር ይታይ አለ። ኒውትራሉን ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ብረቱ ውስጥ ያለው ሽቦ ኃይል አለው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ክብደት እንዳይሸከም ላላ ተደርጎ ይተው። ሦስተኛ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ይቅር፤ በማያያዣ ይታሰር፣ ስካቶላ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይግባ። አራተኛ፣ ዕቃው ሙሉ ብረት ስለሆነ ግራውንድ (ወደ ብረቱ ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የግድ ነው። ከእኛ ጣሪያ የወረደው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው።

ስድስተኛው እዚህ ላይ ገባ። አባቱ ግራውንድ የሚባል ነገር ሳያውቁ 30 ዓመት በሰላም ኖረዋል፣ ባለሙያዎች ገንዘብ ለመቀበል የሚያመጡት ነገር ነው አለ። ኤሌክትሪሺያኑ 7ኛው ላይ በቁጣ መለሰ። እንዲህ እያለ ሌላውን የሚያዘናጋ ሰው ለሚደርሰው ነገር ይጠየቃል ወይ ብሎ አፋጠጠው። ነገሩን ያበረደችው 8ኛዋ ናት። ግራውንድ የሌለው የብረት መብራት በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ነዝሯት ከመሰላል ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ከዚህ በኋላ ስድስተኛው አልተመለሰም። እኔ በዚህ ጉዳይ ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ነኝ፣ በቁጣውም ጭምር።

መልስ 9 እስከ 12

ዘጠነኛው ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ማን ሰቅሎ ያውቃል አለ። መሐንዲሱ 10 ላይ ጤፍ እንደማያስፈልግ አስረዳ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ አንድ ኪሎ ገደማ ይጨምራል። አንድ በአንድ እየጨመርክ በገመድ አንጠልጥል፤ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፍ፤ ሰው አይቁምበት። ጀሪካን የሌለው የኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ የለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያለኝን ነገር ይዤ መሞከር እንደምችል አሳየኝ።

11ኛዋ ቤት የምታስውብ ናት። ከፍታውን ለክተሃል ወይ አለችኝ። አልለካሁም ነበር። ስለካው ከወለል እስከ ጣሪያ 2 ሜትር ከ60 ሆነ። ሻንደሊየሩ ከነሰንሰለቱ 1 ሜትር ከ10 ነው። ሳሎኑ መሃል ብሰቅለው ታችኛው ጠብታ ደረቴ ላይ ይመጣ ነበር! ሰው በሚያልፍበት ቦታ ከሥሩ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 መቅረት እንዳለበት ነገረችኝ። ለእንደኛ ዓይነት ጣሪያ ያለው መንገድ ሰንሰለቱን ማሳጠርና ሰው ከማያልፍበት ከምግብ ጠረጴዛው በላይ መስቀል ነው። ከጠረጴዛው 75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ዝቅ ካለና እንግዳ ተሻግሮ መተያየት ካቃተው ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። 12ኛው አመሰገናት፤ እሱ ግንባሩን ሦስት ጊዜ ገጭቷል።

መልስ 13 እስከ 17

እዚህ ነገሩ ተበላሸ። 13ኛው ሶሌታውን ከታች እስከ ላይ በስተን ረጅም ቦልት አሳልፈን በጎረቤቱ ወለል ላይ በብሎን እንድናስረው መከረ። ጎረቤቱ ሴራሚኩን መልሶ ያስተካክላል አለ። መሐንዲሱ የሰው ወለል መብሳት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል ወይ ብሎ ጮኸበት። 15ኛዋ የማኅበር ጸሐፊ ናት። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የተናጠል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን እንደሚለይ አስታወሰች። በሁለት ቤት መካከል ያለውን ሶሌታ አንድ ነዋሪ ብቻውን የሚያዝበት አይደለም። እነሱ ብሎክ ውስጥ እንዲህ ባለ ቀዳዳ ምክንያት ሁለት ቤተሰብ ሰላምታ ካቆመ ቆይቷል።

ከዚያ 16 እና 17 ስለ ሻንደሊየር መሆኑ ቀረ። ከላይ በሌሊት በሙቀጫ የሚወቅጥ ጎረቤት፣ የሚያንጠባጥብ መታጠቢያ ቤት፣ ምንጣፍ በበረንዳ የሚያራግፍ። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም ከላይ በኩል ሙቀጫ አለብኝ። ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 18 እስከ 21

18ኛው በአንድ መስመር መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ብሎ ሄደ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት ክሪስታል መስቀል ምን ይባላል የሚልም ጨመረበት።

ይህ አናደደኝ። 19 የእኔ መልስ ነው። እህቴ ከአገር ከወጣች 9 ዓመት ሆናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ይህን ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ አይታ ለሁለት ዓመት ገንዘብ ለይታ እንዳስቀመጠች የነገረችኝ ከላከችው በኋላ ነው። ቅንጦት ነው የሚል ይበል። እኔ ግን ካርቶን ውስጥ አቧራ እንዲበላው አልተውም፣ በፊሸርም ሰቅዬ እናቴ ራስ ላይ አላደርገውም። ሁለቱንም እምቢ ስላልኩ ነው የጠየቅኳችሁ።

20ኛዋ ሪያድ የምትሠራ እህት ናት። የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የአሠሪዎቿን ሻንደሊየር ለ7 ዓመት የወለወለችው እሷ ናት። እህቴ ለምን ይህን ዕቃ እንደመረጠች ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ያለውን ጠብታ አንድ በአንድ ስትወለውል፣ አንዱ እናቷ ቤት እንዲሰቀል ተመኝታ ታውቃለች።

ከዚያ ሥራውን አስተማረችን። መጀመሪያ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ወለሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ሁለት የጥጥ ጓንት ይደረጋል፤ የአንዱ እጅ በመጠኑ እርጥብ፣ የሌላው ደረቅ። ጠብታውን በእርጥቡ ይዘሽ በደረቁ ትጠርጊያለሽ። ውሃ በቀጥታ ብረቱ ላይ አይረጭም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻንደሊየሩን አታሽከርክሩት ትላለች። ሁልጊዜ መሰላሉ ነው የሚዞረው። ዕቃው ሲዞር የማንጠልጠያው ብሎን ቀስ እያለ ይፈታል፤ ሽቦውም ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል። ይህን ከባለሙያዎቹ አንዱም አልነገረኝም ነበር።

21ኛው አቡ ዳቢ ነው ያለው፤ ጨዋታውን ወደ ሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ወሰደው። እዚያ ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያለው ሻንደሊየር ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱ 12 ቶን ገደማ ነው። ከሥሩ ቆሞ ቀና ሲል አንገቱ እስኪያመው አይቶታል። ያ ሁሉ ክብደት ከተንቆጠቆጠው ሽፋን ላይ ሳይሆን ከጉልላቱ አጥንት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። የእኛ ጉዳይም ያው ነው፤ ልስንና ኮርኒስ ልብስ ነው፣ የሚሸከመው አጥንቱ ነው።

መልስ 22 እና 23

22ኛው ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም ነው። እዚያ የኤሌክትሪክ ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው። ጣሪያ ውስጥ ያለው የመብራት ሳጥን እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ ይይዛል ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳጥኑ ለዚያ ክብደት የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዕቃው ከሳጥኑ ውጭ በራሱ ድጋፍ ይያዛል። የእሱ ቤት ጣሪያ በእንጨት የተሠራ ነው፤ እንጨቶቹ በየ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተደርድረዋል። በሁለቱ መካከል የብረት ዘንግ ወጥሮ ሰቀለው። ሐሳቡ መሐንዲሱ ከነገረኝ ላሜራ ጋር አንድ ነው። ከአሜሪካ ለቤተሰብ ለምትልኩ ደግሞ እዚያ 120 ቮልት መሆኑን አትርሱ አለ። የዚያ አገር አምፖል እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። የአምፖሉ አንገትም ስለሚለያይ እዚህ መለዋወጫ ላይገኝ ይችላል።

23ኛዋ ነታንያ ከተማ ነው የምትኖረው። እስራኤል ውስጥ ከ1954 ጀምሮ ባለው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት የሽቦ ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ባሏ ግን ራሱ ሊሠራ ተነሥቶ ሦስት ቀን ተኳርፈዋል።

መልስ 24 እስከ 27

እነዚህ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ናቸው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እየተነሣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማን ያ ንዝረት። 24ኛው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሌሊት ከእንቅልፉ የነቃው በጠብታዎቹ ድምፅ ነው፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ የሚጋጭ ይመስል ነበር። መብራቱ ሲወዛወዝ ቁጭ ብሎ አየው። አልወደቀም፤ ግን ጠዋት ሲያየው መንጠቆው አፉ ክፍት ነበር፣ ቀለበቱም ወደ ጠርዙ ተጠግቷል።

ስለዚህ አፉ የተከፈተ መንጠቆ አትጠቀሙ። ቀለበቱ ሙሉ ይሁን፤ ሰንሰለቱም በብሎን በሚዘጋ ማያያዣ ይያዝ። 26ኛው በዚህ ላይ ሁለተኛ ቀጭን የብረት ገመድ ከሌላ አንከር አስሮ ለመጠባበቂያ መተው እንደሚሻል ጨመረ። መሐንዲሱ በሁለቱም ተስማማ፤ ነግሬህ ነበር ያላለው ነገር ይህ ብቻ ነው።

መልስ 28 እስከ 33

28ኛው የ70 ዓመት አናጢ መሆናቸውን ጽፈው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንቱ እያለ፣ ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው፤ የተቆጣውም ረገበ። ጋሼ የነገሩን ከላይ ቆርቆሮ ስላለው ቤት ነው። ቪላም ሆነ የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ፣ ከሥር የምታዩት ችፑድ ኮርኒስ ነው። ችፑዱ በሚስማር የተያዘው ከቀጫጭን እንጨት ጋር ነው። ያ እንጨት የሚችለው ራሱንና ችፑዱን ብቻ ነው። ሻንደሊየር ለመስቀል ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ከዋናው የጣሪያ እንጨት ሁለቱን የሚያያይዝ ወፍራም ሞራሌ ከላያቸው ማጋደም ያስፈልጋል። ቦልቱ ሞራሌውን በስቶ ከላይ በሰፊ ላሜራና በብሎን ይታሰራል። የጭቃ ቤት ከሆነና እንጨቱ የቆየ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን መጀመሪያ ምስጥ እንዳልበላው በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ እዩት።

31ኛዋ ነው የወደቀባት። 15 ኪሎ ነበር፤ ችፑድ ላይ። ለሰርግ ቤት ሲታደስ ተሰቀለ፤ ከሰርጉ አራት ወር በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወረደ። ማንም አልነበረም፣ ተመስገን። የጠረጴዛው መስታወት ግን ዱቄት ሆነ። ስባሪው እስከ ፋሲካ ድረስ ከምንጣፉ ውስጥ ይወጣ ነበር። ሰቃዩን ስትጠይቀው ዕቃችሁ ከባድ ስለሆነ ነው አላት። እዚህ መልስ ሥር ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ ጽፏል፤ እኔም ጽፌያለሁ።

መልስ 34 እስከ 39

ቶሎ ልለፋቸው። ኤልኢዲ የሚያርገበግበው የብርሃን መቀነሻ ካለው ማብሪያ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው፤ መቀነሻ የምትፈልጉ ለዚያ የተሠራ አምፖል ግዙ። ብረት አንከር መርካቶ እንደ ልብ ይገኛል። አንዱ ሻንደሊየሬን ልሽጥልህ አለኝ። ሁለቱ ስለ እግር ኳስ ተጣሉ።

መልስ 40 እስከ 46

40 ላይ ያደረግነውን ከነፎቶው ለጥፌያለሁ።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን የት እንደምናደርገው ወሰንን። ከዚያ ጣሪያውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ብሎኬቱ ባዶ ሣጥን የመሰለ ድምፅ አለው፤ ቢሙ ድንጋይ ነው። በቀጭን መብሻ አረጋገጥነው። ከአንዱ ቢም መሃል እስከ ሌላው 62 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ብየዳ ቤት 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ አስቆረጥኩ፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት አንከር። አንዱ ቀዳዳ ፌሮ ነካ። ፎቶውን ለመሐንዲሱ ላክሁለት፤ 4 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አደረግነው።

ማታ ጀሪካኖቹን ሰቀልን። አምስቱ ሙሉ፣ ስድስተኛው 7 ሊትር። አንዱ በተጨመረ ቁጥር ገመዱ ትንሽ ይንቃቃል፤ እማዬ በር ላይ ቆማ ትጸልያለች። በላሜራው ዙሪያ በእርሳስ መስመር አስምሬ ነበር። አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት፤ እዚያው ሳሎን ጥግ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ጠዋት በባትሪ አየሁት። መስመሩና ብረቱ እንደተያያዙ ናቸው፤ ልስኑ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም።

ሰንሰለቱን አሳጥረን ስንሰቅለው ታችኛው ጠብታ ከወለል 1 ሜትር ከ90 ሆነ፤ ከጠረጴዛው 1 ሜትር ከ15። ባዶውን ብረት ነው መጀመሪያ የሰቀልነው። ጠብታዎቹን እማዬ ከካርቶኑ እያወጣች አቀበለችኝ፤ እህቴ በስልክ በቪዲዮ ከመመሪያው ላይ እያነበበች የየቱ ቦታ የቱ እንደሆነ ትነግረናለች። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመስኮቱ ያየቻትን ያቺን ጠብታ እማዬ እንዴት እንደለየቻት አላውቅም፤ ለመጨረሻ አስቀርታ ሰጠችኝ። የድሮው ቀዳዳ ተለስኗል። ወንበሯ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

41 እስከ 43 ምርቃት ነው። 44ኛዋ እህቴ ናት፤ መልሶቹን ሁሉ ዱባይ ሆና ስታነብ እንደሰነበተች አላውቅም ነበር። የሪያዷን እህት ስልክ ጠየቀች፤ በግል ተለዋውጠዋል። 45 ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ስለ ጌጡ ምንም ሳይል ግራውንዱ ከብሬከር ሳጥኑ መምጣቱንና መለካቱን ብቻ ጠየቀኝ። መጥቷል፣ ተለክቷል፤ የመለኪያው ፎቶ 46 ላይ አለ።